ሁለት ጊዜ፣ ቆየት ብሎ አንድ

የምስክር ቃል መቀበያ

ስም፦ በምስክሯ ጥያቄ በተለየ ወረቀት ተይዟል
ዕድሜ፦ 31
ሥራ፦ በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል የማታ ፈረቃ ሠራተኛ
አድራሻ፦ ከአከራይዋ ቤት በስተጀርባ፣ ሁለተኛው ክፍል
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡10

ከባለቤቴ ጋር በትዳር ስንኖር ስድስት ዓመታችን ነው። እሱ በብረታ ብረት ወርክሾፕ የቶርኖ ማሽን ሠራተኛ ሲሆን ከጠዋቱ 12፡30 ወጥቶ ከምሽቱ 1፡00 ይመለሳል። እኔ ከቀኑ 11፡00 ወጥቼ በማግስቱ ጠዋት 1፡00 እገባለሁ። ስለዚህ ከእሁድ በቀር የምንገናኘው በምሳ ሰዓት ብቻ ነበር። ቀን የምተኛው መስኮቱን በወፍራም ብርድ ልብስ ከድኜ፣ በምስማር መትቼ ስለሆነ ክፍሉ ዓይን ቢወጉ የማይታይበት ጨለማ ነው።

አንዴ ካወራሁ እንቅልፌ ተመልሶ አይመጣም፤ እንቅልፍ ያጣሁ ቀን ደግሞ የሥራ ባልደረቦቼ እንኳ አጠገቤ አይደርሱም። በዚህ ምክንያት ባለቤቴ በምሳ ሰዓት ሲመጣ በሩን ሁለት ጊዜ፣ ቆየት ብሎ አንድ ጊዜ አንኳኩቶ ይገባል፣ ግንባሬን ይዳብሳል፣ አጠገቤ ጋደም ይላል። አንነጋገርም። ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

በስስ ጣውላ ከኛ የተለየውን ክፍል የተከራየው የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነው። የጥበቃ ሠራተኛ ነው። ጋሼ እለዋለሁ። ክፍሉን ያገኘንለትም እኛው ነን።

ባለፈው እሁድ ልብስ እያጣጠፍን ሳለ ባለቤቴ በምሳ ሰዓት መምጣት በማቆሙ አኩርፌው እንደሆነ ጠየቀኝ። ወርክሾፑ ከሁለት ሳምንት በፊት ሩቅ ቦታ ስለተዛወረ መምጣት እንደማይችል በወንድሙ በኩል መልእክት ልኮልኝ ኖሯል። ከዚያ በፊት የነበረውን እሁድ በባልደረባዬ ፈንታ ቀንም ማታም ስለሠራሁ ፊት ለፊት አልተገናኘንም። መልእክቱ ደግሞ አልደረሰኝም።

 በእነዚያ ሁለት ሳምንታት በሩ በአራት ቀናት ተንኳኩቷል። ከአራቱ በሁለቱ ቀናት ግንኙነት ተፈጽሟል። ባለቤቴ መስሎኝ እጄን ዘርግቼ ተቀብዬዋለሁ። ይህን ስነግረው ባለቤቴ ያጠፈውን ሸሚዝ ዘርግቶ እንደገና አጠፈው። ከዚያ ድካም ነው፣ ሕልም ሆኖብሽ ይሆናል አለኝ። ተናደድኩበት። እውነቱን ለመናገር ግን ምነው ሕልም በሆነልኝ ብዬ እኔም ተመኝቻለሁ።

ሰኞና ማክሰኞ ዓይኔ አልተከደነም። ማንም አልመጣም። ከጣውላው ማዶ ጋሼ ሲተነፍስ ይሰማኝ ነበር። እሱም የኔን ትንፋሽ የሚያዳምጥ መሰለኝ።

ትናንት ረቡዕ ከቀኑ 6፡20 በሩ ተንኳኳ። ሁለት ጊዜ፣ ቆየት ብሎ አንድ። ሕጌን አፍርሼ ማን ነው ብዬ ጠየቅኩ።  ከደጁ ብርሃን የተነሳ ፊቱ ያልታየኝ ሰው ገብቶ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋና ግንባሬን ዳበሰኝ። የማሽን ዘይት ይሸታል። ለአንድ አፍታ ባለቤቴ ነው ብዬ አመንኩ። ይህም እንዲጻፍልኝ ጠይቄያለሁ፤ እስካሁን የሚያስፈራኝ እሱ ነውና።

ብርድ ልብሱን ከነምስማሩ ነቀልኩት። አልጋዬ ጫፍ ላይ የተቀመጠው ጋሼ ነበር። የለበሰው ከልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ጠፋ ብዬ ባለቤቴን የጨቀጨቅኩበትን ሰማያዊ የሥራ ቱታ ነው። አልደነገጠም። ጮህኩ። በለሰለሰ ድምፅ፣

"ምን ያስጮህሻል? አንድ ቀን እንኳ እምቢ ብለሽኛል?" አለኝ።

አከራያችን ሮጠው ደረሱ። በምሳ ሰዓት ቱታ የለበሰ ሰው ሲገባ ከኋላው በተደጋጋሚ አይተው ባለቤቴ መስሏቸው እንደነበር ነግረውኛል። ጋሼ ወደ ክፍሉ ገብቶ፣ ፖሊስ መጥቶ እስኪወስደው ድረስ አልጋው ላይ ተቀምጦ ነበር።

መርማሪው ኃይል ወይም ዛቻ ተጠቅሞ እንደሆነ ጠይቆኛል። አልተጠቀመም። ራሴን ስቼ እንደሆነም ጠይቆኛል። አልሳትኩም። ታግዬ እንደሆነም ጠይቆኛል። ሰው ከገዛ ባሉ ጋር ምን ብሎ ይታገላል? ቅጹ ላይ እኔ የምገባበት መስመር እንደሌለ አይቻለሁ። ድርጊቱ አስገድዶ መድፈር ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ዐቃቤ ሕግ አይቶ እንደሚወስን ተነግሮኛል። ስለዚህ በባዶው ቦታ ላይ የሚከተለው እንዲጻፍልኝ ጠይቄ ተጽፏል፦ እሺ ያልኩት ለባለቤቴ ነው። ይህን ሰው እሺ ብዬው አላውቅም። እምቢ የምልበትን ዕድል የወሰደብኝም እሱ ራሱ ነው።

ቃሌ ሊነበብልኝ ሲል የዚህ ቢሮ በር ተንኳኳ። ሁለት ጊዜ፣ ቆየት ብሎ አንድ። ባለቤቴ ኮሪደሩ ላይ እየጠበቀኝ እንደሆነ፣ ወንድሙም በእስር ላይ እንደሚገኝ አውቃለሁ። ቢሆንም መርማሪው ግባ ሊል ሲል እጁን ያዝኩት። ከውጭ "እኔ ነኝ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የወንድማማቾቹ ድምፅም አንድ ነው። መርማሪው በሩን ከፍቶ የባለቤቴን ፊት እስኪያሳየኝ ድረስ ከወንበሬ መነሳት አልቻልኩም። ባለቤቴ ይህን አይቶ ከደጃፉ አላለፈም። አለቀሰ።

ይህ ቃል በሩ ክፍት እንደሆነ ተነቦልኛል። የተናገርኩት ነው፤ የጨመርኩትም የደበቅኩትም የለም። እውነት ስለመሆኑ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________