በቀበሌው ሐዲድ ፋንታ ስለተሰቀለው የፍሬን ታምቡር የተሰጠ ቃል

የምስክር ስም፦ አቶ ስብሐት መሸሻ
ዕድሜ፦ 71 ዓመት
ሥራ፦ የጭነት ማኪና ጥገና
አድራሻ፦ ጉለሌ፣ አዲሱ ገበያ አካባቢ፤ ቀበሌውና የቤት ቁጥሩ በመዝገቡ እንደሰፈረው
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሰኞ ኅዳር 16 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡15 ሰዓት
ጉዳዩ፦ ስብሰባ በማሰናከል የተጠረጠረው የቀበሌ ጥበቃ ቶለሳ ኢታና

ዕድሜዬ ሰባ አንድ ነው። ባለቤቴ የዓለምወርቅ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ከዚያ ወዲህ ውሃዬን ከቦኖ የምቀዳው፣ ወጤን የምሠራው፣ ልብሴን የማጥበው እኔው ነኝ። የጭነት ማኪና ጎማ ያለ ረዳት እፈታለሁ፣ አስራለሁም። ዓይኔ ለጽሑፍ እንጂ ለብረት አልደከመም። ይህን ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አድራጊው እኔ ሆኜ ሳለ የታሰረው ቶለሳ ነው።

ዓርብ ኅዳር 13 ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ሸፊ የሚባል ሾፌር በጎጃም መንገድ ወደ ሰፈራ ጣቢያ የሚሄድ ዱቄት ጭኖ ጋራዤ በር ላይ ቆመ። መሪው አልዞር ብሎታል። ባየው የቀኝ ፊት ፔርኖ፣ ማለት ጎማው ወደ ግራና ቀኝ የሚዞርበት ወፍራም ብረት፣ ዝጎ ከአክስሉ ጋር ተጣብቋል። በእሳት አሞቅነው፤ በትልቁ መዶሻ ተፈራርቀን መታነው፤ አናቱ እንደ እንጉዳይ ተዘረጋ እንጂ ንቅንቅ አላለም። እንዲህ ያለውን ገፍቶ የሚያወጣ መጭመቂያ ያለበት ጋራዥ ወረፋው አሥራ አንድ ቀን ነው ተባልን። ሸፊ "አባባ፣ ዱቄቱን የሚጠብቀው ሕዝብ አሥራ አንድ ቀን አይቆይም" አለኝ። እንግዲያው መጭመቂያውን እኔ እሠራዋለሁ አልኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ከታች ወፍራም ላሜራ፣ ከላይ ብረት አድርጌ ሁለቱን በባሌስትራ ማሰሪያ ረጃጅም ብሎኖች አያያዝኩ። ከፔርኖው ሥር የሸፊን ሃያ ቶን የሚያነሣ ክሪክ አቆምኩ። ክሪኩ ሲገፋ የላይኛው ብረት እንደ ቀስት ጎበጠ። በሰፈራችን የማይጎብጥ ብረት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ለስብሰባ የሚመታው፣ ቀበሌው በር ላይ የተንጠለጠለው የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ነው።

ከቀኑ አምስት ሰዓት ተኩል ሄጄ ቶለሳን እስከ ማታ አውሰኝ አልኩት። "ጋሽ ስብሐት፣ የኔ መሰለዎት እንዴ? በዘጠኝ ሰዓት ስብሰባ አለ፣ ከበላይ እንግዶች ይመጣሉ" አለ። "እንግዶቹ ሐዲድ ይበላሉ?" አልኩት። ሳቀ እንጂ አልፈቀደም። ይህ ይጻፍልኝ፤ አልፈቀደም።

ስድስት ሰዓት ላይ ለምሳ ሲሄድ ከባለሱቋ ከዓሊማ መሰላል ተውሼ ሐዲዱን ብቻዬን አወረድኩ። ባዶ አልተውኩትም። ዕቃ ሲዋሱ መያዣ መተው ደንብ ነውና አሮጌ የፍሬን ታምቡር፣ ማለት ፍሬኑ የሚይዘውን ድስት መሰል ብረት፣ በዚያው ሽቦ ሰቀልኩ። በመዶሻ ሞክሬዋለሁ፤ ከሐዲዱ ይልቅ ይጮኻል።

ስምንት ሰዓት ላይ ቶለሳ እየሮጠ ጋራዤ መጣ። "ጋሽ ስብሐት፣ ሊያስበሉኝ ነው፣ አሁኑኑ ይፍቱት" አለ። ሐዲዱ ሳይጎብጥ ፔርኖው የጣት ያህል ወጥቶ ነበር። ከለቀቅሁት ተመልሶ ይነክሳል ብዬ እንቢ አልኩ። "ታምቡሩን ምታው፣ እስከ ሽሮ ሜዳ ይሰማል" ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ።

ቶለሳ ግማሽ ሰዓት ሙሉ መታ። እኔም ሰምቻለሁ። ግን አንድ ሰው አልመጣም። ኋላ ዓሊማን ብጠይቃት "እኔማ እርስዎ ማኪና የሚቀጠቅጡ መስሎኝ በሬን ዘጋሁ" አለች። የጠየቅሁት ሁሉ እንደዚሁ ነው። ሰዉ ለስብሰባ የለመደው የሐዲዱን ድምፅ ነው፤ የታምቡሩን ግን አርባ ዓመት ከጋራዤ ሲሰማው ኖሯል። ይህን አለማሰቤ ጥፋቴ ነው። እንግዶቹ ባዶ ወንበር አይተው ተመለሱ።

ፔርኖው ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ እንደ ጥይት ጮኾ ወጣ። አሥር ሰዓት ላይ ሐዲዱን ተሸክሜ ቀበሌ ስደርስ ቶለሳ ተወስዷል። ለሊቀመንበሩ ያወረድኩት እኔ ነኝ ብላቸው "አንተ ሽማግሌ ነህ፣ ይህን ብረት ብቻህን አታነሣም፤ ቶለሳ ነው ያቀበለህ፣ ሂድ ቤትህ ግባ" አሉኝ። ስለዚህ ዛሬ ከአዲሱ ገበያ እስከዚህ ጣቢያ ሦስት ጊዜ ብቻ አርፌ በትከሻዬ አምጥቼዋለሁ። መርማሪው አስመዝነውት ሃያ ስድስት ኪሎ ሆኗል፤ አንሣው ብለውኝም በፊታቸው አንሥቻለሁ። አልበሳሁትም፣ አልቆረጥኩትም።

ሸፊ አዲስ ፔርኖ አስገብተንለት እሑድ ስድስት ሰዓት ላይ ሄዷል። ዛሬ ጠዋት ከፍቼ ከተማ የመጣ ሾፌር "መሪው በአንድ ጣት ይዞራል ብሏል" ሲል መልእክቱን አድርሶኛል።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። "ሰረቅሁ" የሚል ተጽፎ ስለነበር "ሳላስፈቅድ ወሰድኩ" ተብሎ እንዲታረም አድርጌያለሁ። የቀረው እንደተናገርኩት ነው፤ ከእውነቱ ያጎደልኩት የለም። መርማሪው ይህ ቃል ለቶለሳ መለቀቅ ዛሬውኑ ለአዛዡ እንደሚቀርብ ነግረውኛል።

ከመፈረሜ በፊት ዕዳዬም ይጻፍ። ሐዲዱን በአዲስ ሽቦ የምሰቅለው እኔ ነኝ። የዓሊማን መሰላል እመልሳለሁ። ለሚቀጥለው ስብሰባ ቤት ለቤት ዞሬ ሰው እጠራለሁ፤ በጉባኤውም ቆሜ ጥፋቴን እናገራለሁ። ቶለሳ ሁለት ሌሊት ታስሯል፤ ሁለት ሌሊት በእሱ ፋንታ ጥበቃ እቆማለሁ፣ ጠመንጃ ባይሰጡኝ በዱላ። ልጄ ይቁምልህ ያለኝ ጎረቤት አለ፤ አልተቀበልኩም።

የምስክሩ ፊርማ፦ ስብሐት መሸሻ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ የአምሳ አለቃ ቦጋለ ሾዴ (ፊርማ)