ስሜን አታንሺ

ከዘንዘልማ ወደ ባሕር ዳር በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከኋላዬ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪና አንድ የደሴት ገዳም መምህር እያወሩ ነው።

«ታንኳ የሚሠራበት የሐይቁ ደንገል ድሮ የት ድረስ እንደነበር የነገርሁሽን ለጥናትሽ ጻፊው፤ ስሜን ግን አታንሺ።»

«አነሳለሁ፣ የኔታ።»

«መነኩሴ ነኝ፤ ውዳሴ ከንቱ ይሆንብኛል።»

«ውዳሴ አይደለም። ማን እንደነገረኝ ካልጻፍሁ ራሴ የደረስሁበት ይመስላል። ያ ስርቆት ነው።»

«እኔም ከመምህሬ ነው የሰማሁት።»

«እንግዲያው የእሳቸውንም ስም ይንገሩኝ።»

«አርፈዋል እኮ።»

«ቢያርፉም እጽፋቸዋለሁ።»

«አማካሪሽ ከታተመ መጽሐፍ በቀር አልቀበልም ብሏል አላልሽም?»

«ቢሰርዘው መልሼ እጽፈዋለሁ።»

የኔታ የመምህራቸውን ስም ከነትውልድ አገራቸው ቀስ እያሉ ነገሯት።

መውረጃዬ ደርሶ ነበር፤ ጽፋ እስክትጨርስ «ወራጅ» አላልሁም።