በሟቿ እጅጌ ላይ ስለተቀረጹት ሁለት መጣፊያዎች

ክቡራትና ክቡራን፣ በጥሪ ወረቀቱ ላይ «ሚስተር ጆሳያ ታፕሎ በዕድሜ ምክንያት በክብር ሲሰናበቱ» የሚል ታትሟል። ውሸት ነው። በዕድሜ አይደለም፤ ተባርሬ ነው። የተባረርኩትም በሁለት መጣፊያ ምክንያት ነው፤ አንዱ በቀኝ ክርን፣ አንዱ በግራ ክርን።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ ጌታዬ ሚስተር ሃስልዊክ፣ ስለ በሬ ጥብሱና ስለ ቢራው አመሰግናለሁ። ሰውን አባርሮ እንዲህ የሚያበላ አሠሪ በለንደን ብዙ የለም። ሰናፍጩ ግን ቀጥኗል።

ሚስቶቻችሁ ስላሉ ሥራችንን ባጭሩ ልናገር። ልቦለድ በየሳምንቱ በመጽሔት ይወጣል፤ እኛ ሥዕሉን ለኅትመት በእንጨት ላይ እንቀርጻለን። ሥዕሉ ትልቅ ሲሆን እንጨቱ ተከፋፍሎ ለየሰው ይታደላል፤ ሲያልቅ በብሎን ይገጠማል። ኔድ ፍሩዊን በረዶ ይቀርጻል። ዋልተር ጊብ ሊጠፋ የደረሰ ሻማ። እኔ ልብስ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የድሃ ልብስ ስቀድ ኖርኩ።

በረዶው ለምንድን ነው? የልቦለድ ድሃ ያለ በረዶ አይሞትማ! ኔድ፣ ፀሐይ ላይ የሞተ ድሃ ደርሶህ ያውቃል? ምን አልክ? «አንድ ነበር፤ ደራሲው ወደ ገና ዋዜማ አዛወሩት»? ሰማችሁ?

ሳሉስ? በምዕራፍ ሦስት አንዴ ያሳለው ሰው ምዕራፍ ሃያን አያይም። እኔ ከተቀጠርኩ ጀምሮ ያስለኛል፤ ሁለት ሐኪም ቀብሬአለሁ። ምግቡስ? ደረቅ ዳቦ፣ ያውም በእንባ የራሰ። እኔ በርሞንድሲ በተባለው የለንደን ሰፈር በድህነት ሳድግ የአሳማ እግር እየጋጥን፣ በአጥንቱ እየተደባደብን፣ እየሳቅን ነው ያደግነው። በልቦለድ ግን ድሃ አይስቅም። ከሳቀ፣ ሀብታም አጎት ሊመጣለት ነው ማለት ነው።

ትምህርት ቤት አልገባሁም። ማንበብ የተማርኩት ከዚሁ እንጨት ነው፤ ፊደሉ ተገልብጦ ስለሚቀረጽ ሁለት ዓመት ሙሉ ከቀኝ ወደ ግራ አነበብኩ። ቢሆንም አንብቤ ነው የምናገረው።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ባለፈው መስከረም ደራሲው ሚስተር ኦገስተስ ቤልሻም ቀረጻ ቤታችን መጡ። ዛሬም ተጋብዘው ነበር፤ ራሴን አሞኛል ብለዋል።

«ታፕሎ፣ አንተ በድህነት ነው ያደግኸው አሉ?»

«አዎ ጌታዬ።»

«ግሩም!» አሉና ማስታወሻ ደብተራቸውን አወጡ።

ስለ እናቴ ነገርኳቸው። ባሏ የሞተባት፣ ሰባት ልጅ፣ አንድ ቀሚስ። ያጠበችው እስኪደርቅ በጠረጴዛ ልብስ ተጠቅልላ ትቀመጥ ነበር። ቀዳዳ ለብሳ ግን ደጅ ወጥታ አታውቅም። ከአባቴ ቀይ ኮት፣ ከዱቄት ጆንያ፣ ከጎረቤታችን መጋረጃም፣ ጎረቤታችን ባታውቅም፣ እየቆረጠች ትጥፍ ነበር።

«እኛ ቤት ቀዳዳ አልነበረም፤ መጣፊያ ነበር» አልኳቸው። ያቺን አልጻፏትም። እስክሪብቷቸው ቆሞ ነበር፤ አይቻለሁ።

በየካቲት የልቦለዳቸው ምዕራፍ መጣ። እናቴ በሀብታም ደጃፍ ላይ፣ ኔድ በሚቀርጸው በረዶ ውስጥ፣ እጅጌዋ በሁለቱም ክርኖቿ ላይ ተቀዶ ሞተች። ስትሞትም ለሁሉም ይቅርታ አደረገች።

ማታ ለራሷ ለእናቴ አነበብኩላት።

«ሞትኩ?» አለች።

«ሞትሽ።»

«ይሁን፤ በዚህ ዕድሜዬ አልቀየምም። ይቅርታ አደረገች ነው ያልከኝ? ለማን?»

«ለሁሉም።»

«ኋላ ስታውቅ ሌባ ብላ ለሰደበችኝ ለመጋረጃዋ ሴትዮም?»

«ለሷም።»

«ቀጣፊ! ምን ሲደረግ! ክርኔስ?»

«ተቀዷል።»

ክርኖቿን በመዳፎቿ ሸፈነች። ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው። ከዚያ ቀስ ብላ «ጆሳያ፣ ሰው ያየዋል እኮ» አለችኝ።

የእጅጌው እንጨት የደረሰው ለኔ ነበር። በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ ሠዓሊው ካሰመረው መስመር ወጥቼ አላውቅም። የዚያን ቀን ወጣሁ። በየክርኑ ላይ መጣፊያ ቀረጽኩ፤ ዙሪያውን ደህና አድርጌ ሰፋሁት። ታተመ።

ደብዳቤው ጎረፈ። አንዲት እመቤት «እንዲህ መጣፍ የምታውቅ ሴት ምን አግኝቷት በረዶ ላይ ትተኛለች?» ብለው ጻፉ። ሌላዋ «መሐረቤን አውጥቼ ነበር፤ መልሼ ከተትኩት» አሉ። ሚስተር ቤልሻም ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ገቡ።

«ማነው ይህን የሰፋው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«ማንን አስፈቅደህ?»

«ባለቀሚሷን።»

«ሴትዮዋ ሞታለች እኮ!»

«ዛሬ ጠዋት ዓሣ ጠብሳ ስትበላ ነበር ጌታዬ።»

ያቻትና! በምድጃው በኩል፣ ሁለተኛውን የጥብስ ሳህን የያዘችው። ሟቿ እሷ ናት። አሁን አትጨብጧት፤ እየበላች ነው።

ልቦለዱ አሁን ተጠርዞ መጽሐፍ ሊሆን ነው፤ መጽሐፍ ደግሞ እንደ መጽሔት ዓሣ ተጠቅልሎበት አይጣልም። ሚስተር ሃስልዊክ «መጣፊያውን አንስተህ ቀዳዳ ቅረጽበት፤ አለዚያ ውጣ» አሉኝ። «እወጣለሁ» አልኩ።

ነገር ግን በሙያችን ሌላው በጨረሰው እንጨት ላይ ማንም ብረት አያሳርፍም፤ የሠራው ሰው በምስክር ፊት አንስቶ በእጁ ካልሰጠ በቀር። አሁን ጥብሱ ለምን እንደበዛ ገባችሁ? እንጨቷ ያችና፣ ከአይቡ አጠገብ በጨርቅ ተሸፍና። ንግግሬን ስጨርስ ለኔድ አንስቼ እንድሰጠው ይጠበቃል።

ሚስተር ሃስልዊክ፣ አልሰጥም።

መቅረጫዎቼን ዋልተር ይውሰድ። ወንበሬን ኔድ ይውሰድ፤ አንድ እግሩ ያነክሳል። እጅጌዋን ግን ለማንም አልሰጠሁም። ወይ ከነመጣፊያዋ ትታተም፣ ወይ ያ ቦታ ባዶ ይቅርና ኔድ በረዶ ይሙላበት። ጠይቄአታለሁ፤ «ቀዳዳ ከሚታይብኝ እስከ አገጬ ይቅበሩኝ» ብላለች።

ምን አልክ ኔድ? «ቢሰጠኝም አልነካውም»? ዋልተርስ? አንተም? ተባረኩ።

እንግዲህ ጌታዬ፣ የሚነካው ሰው የለም። እስከ አገጭ በረዶ ነው ወይስ መጣፊያ? ... ራስዎን ነቀነቁ። ከነመጣፊያዋ ማለትዎ ነው፤ ምስክሩ ብዙ ነው። አመሰግናለሁ። አይ፣ ወደ ሥራህ ተመለስ አይበሉኝ። የተባረረ ሰው ተባርሯል።

ወንድሞቼ፣ አምላክ ዓይናችሁን ይጠብቅላችሁ። እጃችሁ እስከ መጨረሻው አይንቀጥቀጥ። ልጆቻችሁ አንባቢ ይሁኑ፤ ያነበቡትን ሁሉ ግን የሚያምኑ አይሁኑ። ሚስተር ሃስልዊክ፣ ለእርስዎም ለቤትዎም ጤና ይስጥልኝ። ሚስተር ቤልሻምንም ከራስ ምታታቸው ይማርልን።

እናቴ፣ ሳህኑን አስቀምጪና ኮትሽን ልበሺ።

ስለዚህ ነገር ስናገር የመጨረሻዬ ነው። መንገድ ላይ ብታገኙኝ ስለ ጭጋጉ አወራችኋለሁ። ቢራ ብትጋብዙኝ ቢራውን እጠጣለሁ። በሞት አልጋዬ ላይ ቄሱ ራሳቸው ጎንበስ ብለው «ያ የእጅጌው ነገር እንዴት ነበር?» ቢሉኝ እንኳ አልናገርም።