ስድስት መለኪያ አረቄና መቶ ኩንታል ስንዴ

በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ የካቲት ወር አጋማሽ ላይ፣ ከአቀስታ ወደ መካነ ሰላም የሚሄድ አንድ የእርዳታ እህል መኪና መንገድ ላይ ጭቃ ያዘው። ዓመት ሙሉ ጠፍቶ ሕዝቡን ያስፈጀው ዝናብ ያን ሰሞን መጣሁ ብሎ ደጋውን አረግርጎት ነበር። ያለው የሚባለው ሾፌር፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ጎልማሳ፣ ወርዶ ጎማዎቹን ዞሮ አየና፣ «ወገኖቼ፣ ድንጋይ ካላነጠፍኩለት አይወጣም፤ ትንሽ ታገሡኝ» ብሎ ከጭነቱ ላይ የተሳፈሩትን አስወረደ።

ከወረዱት አንዱ አሻግሬ ነበር። አሻግሬ ዕድሜው ሃምሳን ያለፈ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ መሪ የጨበጠ፣ ከአሰብ እስከ ደሴ ስሙን የማያውቅ ሾፌር የሌለ ሰው ነው። ዛሬ ግን እንደ ማንኛውም መንገደኛ ጆንያ ላይ ተፈናጦ ነበር የሚሄደው። መንጃ ፈቃዱ ፖሊስ ዘንድ ነው፤ ራሱም በዋስ የተለቀቀ ሰው ነው። በማግሥቱ መካነ ሰላም ፍርድ ቤት ቀጠሮ ነበረው።

ካፖርቱን ገለጥ አድርጎ አንዲት ኮዳ አወጣና ወደ ያለው ዘረጋ። «እንካ፣ እጅህ በብርድ ደርቋል። አንዴ ጎንጨት በልና ጉልበት አግኝ።»

«ይቅርታዎን ጋሽ አሻግሬ» አለ ያለው፣ ድንጋይ እንደታቀፈ፤ «መሪ ይዤ አልቀምስም።»

አሻግሬ ፊቱ ጠቆረ። ራሱ አንድ ጊዜ ተጎነጨና፣ የመንገድ ሠራተኞች ትተውት ወደ ሄዱት የቆርቆሮ ዳስ ገብቶ ተቀመጠ። ዳሱ ውስጥ አንዲት ሃያ አምስት ዓመት የሚሆናት ወጣት የመድኃኒት ካርቶን ታቅፋ ተቀምጣለች። እሷም ከአቀስታ አብራው የተሳፈረች ናት።

«አፊያ ነሽ እህቴ?»

«አፊያ ነኝ ጋሼ፣ እግዜር ይመስገን» አለችና አተኩራ አየችው።

«አየሽልኝ የዛሬውን ሾፌር? አንዲት ጉንጭ አረቄ የሚፈራ ሰው መቶ ኩንታል ጭኖ ይህን ዳገት እወጣለሁ ይላል።»

«ፈርቶ ሳይሆን አውቆ ይመስለኛል ጋሼ።»

«ምኑን ያውቀዋል? አረቄ ደም ያሞቃል፤ ዓይን ያበራል። እኔ ከአሰብ ደሴ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ሁለት ቀን ስነዳ ኖሬያለሁ። ጫቱ እንቅልፉን ያባርርልኛል፤ ምርቃናው ሲያደርቀኝ ደግሞ አረቄው ያረጥበኛል። የሾፌር መድኃኒት ይኸው ነው፤ ወላሂ ሌላ የለውም።»

ወጣቲቱ ካርቶኗን አስተካክላ ያዘችና በትሕትና መለሰች። «ጋሼ፣ መድኃኒት የኔ ሥራ ስለሆነ ከፈቀዱልኝ ጥቂት ልበል። ጤና ረዳት ነኝ። አረቄ ሲጠጡ የሚሰማዎት ሙቀት ከውስጥዎ ወጥቶ ቆዳዎ ላይ የሚቀር ነው፤ ብርዱ ወዲያው ይወስደዋል። ዓይንም አያበራም። አስተውለው ያውቃሉ? ዓይን ድንጋዩን ያያል፤ አእምሮ ‹ድንጋይ ነው› ይላል፤ እግር ፍሬን ይረግጣል። ጤነኛ ሰው ላይ ሦስቱም በአንዲት ትንፋሽ ያልቃሉ። የጠጣ ሰው ላይ ግን ዓይን ያየውን አእምሮ ዘግይቶ ይሰማል፤ እግር ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። መኪናው ሦስቱ እስኪስማሙ ቆሞ አይጠብቅም።»

«እሺ፣ ጫቱስ?»

«ጫት እንቅልፍን አያጠፋም፤ ይደብቀዋል። የሁለት ቀን እንቅልፍ ተደብቆ ቆይቶ ምርቃናው ሲበርድ ባንድ ጊዜ ይወድቅብዎታል። በላዩ አረቄ ሲጨመርበት ሰው ዓይኑን እንደገለጠ ይተኛል።»

አሻግሬ ይህን ሲሰማ ከጀርባው አንድ ነገር የነካው መሰለው። ሰው ስለማያምንበት ነገር ሲከራከር ድምፁ ከፍ ይላልና እሱም ድምፁን ከፍ አደረገ።

«የመጽሐፍ ነገር ነው ይሄ! የደረሰብኝን ልንገርሽና አንቺው ፍረጂ። ኅዳር ላይ፣ ከፊታችን ካለው ቁልቁለት፣ መቶ ኩንታል ስንዴ እንደጫንኩ ተገለበጥኩ። ሰው ሞቷል። ግን አረቄ አይደለም፤ ፍሬን ነው። ያን ዕለት ጠዋት ደሴ ጋራዥ ውስጥ ክንፈ የሚባል መካኒክ ፍሬኑን ነካክቶት ነበር። አላጠበቀውም። ይህንኑ ለፖሊስ አስጽፌያለሁ፤ ነገ ለዳኛውም እናገራለሁ።»

«ያን ዕለት ጠጥተው ነበር?»

«አቀስታ ላይ ምሳ ስበላ ስድስት መለኪያ ወስጃለሁ። ስድስት ለኔ ምኔ ነው? አእምሮዬ ልክ እንደ ዛሬው ነበር። አንዲት ነገር አልረሳሁም።»

ውጭ ሾፌሩ ያለው ድንጋይ ሲጥል ይሰማል። ወጣቲቱ ቀና ብላ፣ «ግንባርዎ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያን ዕለት ነው?» አለችው።

«የዚያን ዕለት ነው።»

«ማን ሰፋልዎት?»

«ክሊኒክ ወስደውኝ አንድ ረጅም፣ ጠይም ሐኪም ሰፋኝ። እጁ ቀላል ነው፤ ምንም ሳይሰማኝ ጨረሰ። አመስግኜው ነው የወጣሁ።»

«ጋሼ» አለች፣ ካርቶኑን ከጉልበቷ አውርዳ መሬት ላይ እያስቀመጠች፤ «በዚያ ክሊኒክ ወንድ ሐኪም የለም። ከኔ በቀር የሚሠራ ሰው የለም። ሐረግ እባላለሁ። ግንባርዎን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ማደንዘዣ አልቆብኝ ነበርና በደረቁ ነው የወጋሁዎት። እርስዎ ግን አልተሰማዎትም። ይስቁ ነበር።»

የአሻግሬ እጅ ሳያዘው ሄዶ ጠባሳውን ዳሰሰ።

«እስቅ ነበር?»

«‹አብሽሩ፣ ስንዴ አመጣሁላችሁ› እያሉ ይስቁ ነበር። ከበሩ ፊት ሦስት አስከሬን በጆንያ ተሸፍኖ ተጋድሟል። አንዷ ቦጋለች ትባላለች፤ ከመቅደላ በኩል አራት ቀን በእግሯ ተጉዛ ራሽን ልትቀበል የመጣች ናት። ሁለት ልጆቿን ረሀብ ወስዶባት አንዲት ሴት ልጅ ቀርታት ነበር። ረሀቡ ያልገደላትን እናት ስንዴው የተጫነበት መኪና ገደላት። ስንዴው ከሙታኑ ሥር ተዘርግፎ ነበር። ከቁልቁለቱ ሥር የራሽን ወረፋ ይጠብቁ የነበሩት ሰዎች ከደሙ ውስጥ እየለቀሙ፣ በጅረት ውሃ እያጠቡ፣ እዚያው ቆልተው በሉት። አልከለከልናቸውም። ምን ብለን እንከልክላቸው?»

«ያረቢ!» አለ አሻግሬ።

«ስለ ፍሬኑም አንድ ነገር ልበል፤ መኪና ባልነዳም ፖሊሱ ሲጽፍ ሰምቻለሁ። ማርሹ የተገኘው ከፍተኛው ላይ ነው። ክላክስ የሰማ ሰው የለም። እርስዎ የሠላሳ ዓመት ሾፌር ነዎት፤ ፍሬን እንቢ ያለው ሰው ቁልቁለት ላይ ምን ያደርጋል?»

አሻግሬ መልሱን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ማርሽ ይቀንሳል፤ ክላክሱን ሳያቋርጥ ይነፋል፤ መኪናውን ወደ ዳገቱ ጎን ያስጠጋል። እሱ ከእነዚህ አንዱንም አላደረገም። እንዲያውም ከአቀስታ ምሳ ቤት በር እስከ ፖሊሱ እጅ ድረስ ባለው መካከል ምን እንዳደረገ ምንም አያውቅም ነበር። ባዶውን ቦታ በፍሬን ሞልቶት፣ ሦስት ወር ሙሉ ለሰው ሁሉ ሲያወራው፣ ሲያወራው፣ ራሱም አምኖት ነበር። ውሸት የሚከፋው እንዲህ ሲሆን ነው፤ ተናጋሪው ራሱ ውሸት መሆኑን ሲረሳው።

ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ «ሕጉ ምን ይለኛል?» አለ።

«ዐቃቤ ሕጉ ቃሌን ሲቀበል አስረድቶኛል። ሾፌር የሰው ሕይወት በአደራ የተሰጠው ሰው ነው። ስለዚህ በቸልተኝነት ሰው ሲገድል ቅጣቱ ከሌላው ይከብዳል፤ እስከ አምስት ዓመት እስራት ይደርሳል። መንጃ ፈቃዱም ይነጠቃል። ‹ሰክሬ ስለነበር አላወቅሁም› ቢልም አያድነውም። መሪ እንደሚይዝ እያወቀ ወዶ የጠጣ ሰው ጥፋቱ የሚጀምረው መኪናው ሲገለበጥ አይደለም፤ መለኪያውን ሲያነሳ ነው።»

«አምስት ዓመት! እኔ በዚህ ዕድሜዬ?»

«ይህን ፈርተው ነው ክንፈን ያስያዙት። ክንፈ የተያዘው በምን እንደሆነ ያውቃሉ?»

«ፍሬን ባለማጥበቁ ነዋ። ደሞዙን ይቀጡታል ብዬ ነበር። ቢበዛ ከሥራ ያግዱታል።»

«በእርዳታ እህል ላይ አሻጥር ሠርቷል ተብሎ ነው። የፍሬን ነገር መሆኑ ቀርቷል፤ የአብዮት ጠላት ተብሏል። ጊዜውን ያውቁታል ጋሼ። የእርስዎ አምስት ዓመት ተቆጥሮ ያልቃል። የአሻጥር እስር ግን መጨረሻው አይታወቅም፤ ሰውየውም ላይመለስ ይችላል።»

አሻግሬ ይህን አልሰማም ነበር፤ ወይም ሰምቶ ሊያጣራው አልፈለገም። ክንፈ ከሥሩ ተኝቶ የጠገነለትን መኪና ብዛት አያውቀውም። ስንት ቀን ከአንድ ሳህን በልተዋል። በዘይት የተነከሩ ጣቶቹን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ቀስ ብለህ ንዳ አሻግሬ» የሚለው አነጋገሩ ጆሮው ላይ መጣበት። ዓይኑን ጨፈነ።

«እንግዲህ አንቺ የመጣሽው ነገ ልትመሰክሪብኝ ነው።»

«ያየሁትን ልናገር ነው። ትንፋሽዎ አረቄ አረቄ ይል እንደነበር፣ ቀጥ ብለው መሄድ እንዳቃተዎት በካርድዎ ላይ ጽፌያለሁ። ግን የኔ ምስክርነት እርስዎን ያስቀጣ ይሆናል እንጂ ክንፈን አያስፈታውም። ‹ፍሬኑን ያበላሸው እሱ ነው› ያሉት እርስዎ ነዎት። ቃልዎን የሚያነሳው እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«እውነቱን ብናገር ምን አገኛለሁ?»

«እርስዎ ምንም አያገኙም» አለች ሐረግ። «ክንፈ ይወጣል።»

ከውጭ ሾፌሩ ያለው፣ «ወጣልን! ኑ ውጡ!» እያለ ጮኸ። አሻግሬ ተነሣና ኮዳዋን በእጁ ያዛት። በዕድሜው እንደዚያች ሰዓት መጠጥ አምሮት አያውቅም። ክዳኗን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋት።

«ክሊኒክሽ አልኮል ከሌለው ይህን ውሰጂው። ለዕቃ ማጠቢያም ቢሆን ይሁንሽ።»

ሐረግ አመሰግናለሁ ሳትል ተቀበለችውና ካርቶኑ ውስጥ ከተተችው።

በማግሥቱ ችሎት ቆሞ፣ ፍሬኑ ደኅና እንደነበረ፣ ክንፈ እንዳልበደለ፣ ሁለት ቀን በጫት ነቅቶ ስድስት መለኪያ አረቄ በላዩ ጠጥቶ መሪ እንደያዘ ተናገረ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ይህን ቃል ለምን በጊዜው አልሰጠህም?» አሉት።

«ክቡር ዳኛ፣ ምን እንዳደረግሁ አላስታውስም ነበር። ያላስታወስኩትን ደግሞ በሰው ሕይወት ሞላሁት።»

አራት ዓመት ተፈረደበት፤ መንጃ ፈቃዱም ተሰረዘ። ከአዳራሹ ሲወጣ ወደ ሐረግ ዞር ብሎ አየ። እሷ አንዲት ትንሽ ልጅ በእጇ ይዛ ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር። የማን ልጅ እንደሆነች አልጠየቃትም፤ ገብቶታል።

ሰኔ ላይ ሾፌሩ ያለው እህል አራግፎ ሲመለስ እስር ቤት ጎራ ብሎ ጠየቀው። ዳቦና ሳሙና አመጣለት። አሻግሬ ተቀብሎት፣ «ክንፈስ?» አለ።

«ተፈቷል። እናቱ እሱ ታስሮ ሳለ ጥር ላይ ሞተው ሳይቀብራቸው ቀረ። ሲወጣ ነው የነገሩት። አሁን ጋራዥ ተመልሷል።»

«ስለኔ የሚለው ነገር አለ?»

ያለው ወደ መሬት አየ። «ስምዎ ሲነሣ ወጥቶ ይሄዳል።»

አሻግሬ ራሱን ነቀነቀ። ሌላ አልጠበቀም ነበር። እውነት መናገሩ ሦስቱን ሙታን አላስነሣም፤ ክንፈንም እናቱን ወደሚቀብርበት ቀን አልመለሰውም። የዘገየ እውነት የሚያድነው የቀረውን ብቻ ነው።

«መንገዱስ እንዴት ነው?»

ያለው ፊቱ ትንሽ ፈካ አለ። «ደኅና ነው ጋሼ። ከእርስዎ ፍርድ ወዲህ ሾፌሮቹ ተሰብስበን ተነጋገርን። የጠጣ ሰው ቁልፍ አይሰጠውም። ቀን ሙሉ የነዳ ሰው ጫት ይዞ አይቀጥልም፤ አቀስታ ወይ ከቢ ከተማ ገብቶ ይተኛል። ጓደኛው ጠጥቶ ያየ ሾፌር መሪውን ይቀበለዋል፤ በዚህ ማንም አይቀየምም። መጀመሪያ አጉረመረምን፤ በእንቅልፍ ጊዜ የምንዘገይ መስሎን። አሁን እንዲያውም ቶሎ እንደርሳለን፤ ጎማ አይፈነዳ፣ መኪና አይሰበር፣ ጋራዥም አንከርምም። ከመጋቢት ወዲህ አንድም መኪና አልተገለበጠም። የተጫነው ሁሉ ደርሷል፤ ጆንያው ሳይጎድል፣ ሰው ሳይነካ። ሕዝቡም ክላክስ ሲሰማ ተነሥቶ ከመንገድ ይሸሽ ነበር፤ አሁን ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል። የሾፌር ሚስት እንኳ ባሏ ሲዘገይ እንደ ድሮው ደረቷን አትመታም።»

«ከዚያስ? ሌላ ምን አደረጋችሁ?»

«ሌላ ምንም። ሳንጠጣ እንነዳለን፤ ሲደክመን እንተኛለን።»

«ይኸው ብቻ?»

«ይኸው ብቻ ነው ጋሼ።»

አሻግሬ መሪ ሲጨብጡ የኖሩ እጆቹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ለረጅም ጊዜ አያቸው።

«ይህን ያህል ቀላል ኖሯል» አለ።