ኦቦ ዲሪርሳ የነቀሉት ምስክር

በየካቲት አጋማሽ፣ አንድ ማለዳ፣ ኦቦ ዲሪርሳ የውኃ ሞተራቸውን ጎማ ጠቅልለው በትከሻቸው ተሸክመው ከሰበታ ወጣ ብሎ ወደሚፈሰው ወንዝ ሲወርዱ፣ ቦቲ የተጫማች አንዲት ወጣት ወንዙ ውስጥ ቆማ አንድ ነገር ስትፈልግ አገኙ። ድሮ በዚህ ወቅት ጉልበት ይደርስ የነበረው ውኃ ቁርጭምጭሚቷን እንኳ በቅጡ አልሸፈነም።

«አካም ቡልተን አባባ?» ብላ እንዴት አደሩ አለቻቸው በኦሮምኛ፣ ቀና ብላ።

«ነጋ፣ ሰላም ነው ልጄ። ምን ጠፍቶብሽ ነው?»

«ቤቴል እባላለሁ። ከሚኒስቴሩ ነው የመጣሁት፣ ከውኃ መሥሪያ ቤት። እዚህ ጋ ነጭና ጥቁር የተቀባ፣ ቁጥር የተጻፈበት ረጅም ብረት ቆሞ ነበር። አይተውታል?»

ኦቦ ዲሪርሳ አይተውታል። ማየት ብቻ አይደለም፤ ከሁለት ዓመት በፊት በገዛ እጃቸው ነቅለው ግቢያቸው ውስጥ ተክለውት ጥጃ አስረውበታል። በክፋት አልነበረም። በሰበታም ሆነ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ የኖረ ገበሬ ቁጥር የተጻፈበት ችካል ሲያይ ልቡ ይደነግጣል። የታላቅ ወንድማቸው መሬት የሄደው እንደዚያ ነው፤ መጀመሪያ ችካል፣ ቀጥሎ ወረቀት፣ በመጨረሻ አጥር። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ እሳቸውም ብረቱ ወረቀት ሳያስከትል ቀደሙት።

«ጎርፍ ወስዶት ይሆናል» አሉ ወደ ውኃው እያዩ። ውሸት አይሆንላቸውምና ጆሯቸው ጋለ። ቶሎ ብለውም ወሬ ለወጡ። «ይልቅ ከመሥሪያ ቤቱ ከመጣሽ የምጠይቅሽ አለኝ። ላይኛው የአበባ እርሻ ውኃውን እየጨረሰብን ነው። ግማሽ ሄክታር ሽንኩርቴ አሁን ነው ራስ የሚቋጥረው፤ በዚህ አንድ ወር ውኃ ካላገኘ አጭጄ ለከብት ነው የምሰጠው። ሁለት ጊዜ አመለከትኩ፣ ሁለቴም ‹ማስረጃ የለም› ተባልኩ። ሰማይ አይታረስ፣ ትልቅ አይከሰስ ነው ነገሩ?»

«ኦቦ ዲሪርሳ እርስዎ ነዎት? እኔን ያመጣኝ እኮ የእርስዎ ማመልከቻ ነው» አለች ቤቴል ከውኃው እየወጣች። «እርሻው ፈቃድ አለው፤ በቀን የሚስበው መጠን ፈቃዱ ላይ ተወስኗል። እነሱ ‹አላለፍንም› ይላሉ፣ እርስዎ ‹አልፈዋል› ይላሉ። መሥሪያ ቤቱ በምን ይፍረድ? መናገር ያለበት ወንዙ ነው፤ የወንዙ አፍ ደግሞ ያ ብረት ነበር። ቁጥሩ ጠዋትና ማታ ቢነበብ ውኃው መቼና ምን ያህል እንደጎደለ ይታወቃል። መዝገቡ ግን የዛሬ ሁለት ዓመት ጥቅምት ላይ ይቆማል።»

ኦቦ ዲሪርሳ ጎማውን ከትከሻቸው አወረዱ። የሚመሰክርላቸውን አንድ ምስክር አንገቱን ይዘው ከችሎት ያስወጡት ራሳቸው መሆናቸው አሁን ገባቸው። ሰው በጠላቱ ሲጎዳ ይቆጣል፤ በራሱ ሲጎዳ ግን መቀመጫ ነው የሚፈልገው። እሳቸውም ድንጋይ ፈልገው ተቀመጡ።

«ልጄ፣» አሉ፣ «ጎርፍ አልወሰደውም። ጥጃ አስሬበታለሁ።»

ቤቴል ሳቋ መጣ፤ ፊታቸውን አይታ ግን ዋጠችው። «ለምን አባባ?»

«መሬቴን ሊለኩበት መስሎኝ ነዋ።»

«ያ ብረት የሚቆጥረው ወደ ላይና ወደ ታች ነው፤ ወደ ጎን አይቆጥርም። በእሱ መሬት አይለካም። እኔም መሬት የመለካት ሥልጣን የለኝም። ስለ ሌላ መሥሪያ ቤት ግን ቃል ልገባልዎ አልችልም።»

ኦቦ ዲሪርሳን የያዛቸው ይህ የመጨረሻው ቃሏ ነው። ሁሉን እናደርጋለን የሚል ሹም ብዙ አይተዋል፤ የማትችለውን አልችልም ያለቻቸው ግን እሷ የመጀመሪያዋ ናት። ቢሆንም በቀላሉ የሚረቱ ሰው አልነበሩም።

«እሺ፣ ብረቱ ይቁም። እኛንስ ፈቃድ አውጡ፣ ተራ ግቡ የምትሉን ምን ሆናችሁ ነው? አባቴ ከዚህ ወንዝ ያለ ወረቀት ጠጥቶ ነው የሞተው።»

«አባትዎ ሞተር ነበራቸው?»

«የምን ሞተር። እናቴ በእንስራ ትቀዳለች፣ እሱ ከብት ያጠጣል።»

«ዛሬስ ከድልድዩ እስከዚህ ስንት ሞተር አለ?»

ኦቦ ዲሪርሳ በጣታቸው ቆጠሩ። «የእኔን ጨምሮ አሥራ አንድ።»

«በእንስራ የሚቀዳ ዛሬም ወረቀት አይጠየቅም፤ የሚጠጣ ሰው ከማንም ይቀድማል። አሥራ አንድ ሞተር ባንዴ ሲነሳ ግን ከላይ ያለው ይጠግባል፣ ከታች ያለው አሸዋ ይታቀፋል። ከእርስዎ በታች የሚያለማው ማን ነው?»

«ገለቴ። ባሏ የሞተባት ናት፣ ጎመን ትተክላለች።»

«እሷስ በማን ታመልክት?»

ኦቦ ዲሪርሳ ተነሥተው ወደ ግቢያቸው መሯት። በዚያው ቀን ጥጃው ባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ታሰረ፤ ብረቱም ወደ ወንዙ፣ ከሞተራቸው ጥቂት ዝቅ ብሎ ወደ ነበረበት ቦታ ተመለሰ። ጉድጓዱን የቆፈሩት ራሳቸው ናቸው። ቤቴል ከፍታውን በመሣሪያ አስተካክላ፣ ጠዋት አሥራ ሁለትና ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት የሚሞላ ደብተር ሰጠቻቸው።

በአራተኛው ቀን ማታ ሞተራቸው እየሠራ ሳለ ሊያነቡ ቢወርዱ ቁጥሩ በስድስት ሴንቲ ሜትር ወርዷል። እርሻውን ሊረግሙ አፋቸውን ከፈቱና አንድ ነገር ጠረጠሩ። ሄደው ሞተሩን አጠፉ፤ ጥቂት ቆይተው ቢያዩ ውኃው ወደ ቦታው ተመልሷል። ለካ ከገለቴ ጎመን ላይ ይህን ሁሉ የሚያጎድሉት እሳቸው ኖረዋል። ያየ ሰው የለም፤ ቢተዉትም የሚጠይቅ አልነበረም። እስክሪብቶውን ይዘው ብዙ ከቆሙ በኋላ አፍረው ጻፉት።

ሦስት ሳምንት ሲሞላ ቤቴል እርሻውንና ገበሬዎቹን በቀበሌው አዳራሽ ሰበሰበች። በደብተሩ መሠረት፣ የገበሬ ሞተር ሁሉ ጠፍቶ በሚያድርበት ሰዓት ውኃው እየወረደ ያነጋ ነበር፤ የጎደለውም መጠን ሲሰላ እርሻው ከተፈቀደለት በእጥፍ ይበልጣል። የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ግን ብልህ ሰው ነበረና፣ «ደብተሩን የጻፈው ከሳሹ ራሱ ነው። ከሳሽ የጻፈውን ማን ያምናል?» አለ።

ኦቦ ዲሪርሳ ተነሡ። «ውኃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር ይባላል። የአራተኛውን ቀን ማታ አንብቢላቸው ልጄ።»

ቤቴል አነበበች፤ «የዲሪርሳ ሞተር ሲሠራ ስድስት ሴንቲ ሜትር ጎደለ። የገለቴ ድርሻ ነው።»

የራሱን ጥፋት የጻፈን ሰው በሌላው ላይ ዋሸ ማለት አልተቻለምና ሥራ አስኪያጁ ደብተሩን ተቀበለ። በሳምንቱ በእርሻው ቱቦ ላይ ቆጣሪ ተገጠመ፤ አሥራ አንዱም ሞተር ፈቃድ አውጥቶ በማኅበር ተራ ገባ። ገለቴ ረቡዕና ቅዳሜ ደረሳት፣ የኦቦ ዲሪርሳም ሽንኩርት ራስ ቋጠረ። ወንዙ አልጨመረም፤ የጨመረው ሁሉም የየድርሻውን ማወቁ ነው። ውኃን የሚያስተዳድር መሥሪያ ቤት ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ግን ከወንዙ ዳር እውነቱን የሚጽፍለት ሰው ካጣ ዓይን የለውም።

አሁን ከሱሉልታ ዘመድ መጥቶ «ማሳዬ ዳር ቁጥር ያለው ብረት ተከሉብኝ፣ ልንቀለው ወይ?» ሲላቸው፣ ኦቦ ዲሪርሳ ወደ ጥጃቸው ዞር ብለው ያያሉ።

«አትቸኩል፣» ይሉታል፣ «መጀመሪያ ወዴት እንደሚቆጥር ጠይቅ።»