ጋሼ ሚሊ እና የኮሪደሩ ሁለት ሴንቲ

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ የጡረታ ሽኝት ላይ ንግግር አድርጊ ስባል ሁለት ነገር ጠየቅኩ፤ ስንት ደቂቃ ነው፣ ደግሞስ ለምን እኔ? ለመጀመሪያው “አሥር ደቂቃ” ተባልኩ። ለሁለተኛው “ሌሎቹ ያለቅሳሉ” ተባልኩ። እኔ ሴራሚክ ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ስለምውል አለቅስ አላለቅስ የሚያውቅ ሰው የለም።

ጋሼ ሚሊ፣ ዛሬ ከእርስዎ የሚጠበቀው ተቀምጦ ማዳመጥ ብቻ ነው። ወንበሩን ሲነቀንቁት አይቻለሁ። ይቅርታ፣ የአዳራሹ ነው።

እሳቸው እዚህ ድርጅት በመጡበት ቀን እኔ አልነበርኩም፤ ሃያ ስምንት ዓመት አልፎታል። የነገረችኝ ያኔ ጸሐፊ የነበረችው፣ የዛሬዋ የንብረት ክፍል ኃላፊያችን ናት። ያውና ጥጉ ላይ ተቀምጣለች፤ ከዋሸሁ ታስቁመኝ። ጋሼ ሚሊ የመጡት ለፎርማንነት ሊፈተኑ ነው። የያኔው ሥራ አስኪያጅ “ይቀመጡ” አሏቸው። አልተቀመጡም። ጠረጴዛውን ትንሽ አዩት፣ ከቦርሳቸው ውሃ ልክ አወጡና ላዩ ላይ አጋደሙት። አረፋዋ ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄደች። ጋሼ ጎንበስ አሉ፣ አንድ ወረቀት አራት ቦታ አጥፈው ከአንደኛው እግር ሥር ሻጥ አደረጉ፣ እንደገና ለኩ፣ ከዚያ ተቀመጡ።

ሥራ አስኪያጁ “ጥሩ፤ እስቲ ማመልከቻዎን ልየው” አሉ።

“ከጠረጴዛው እግር ሥር ነው።”

ተቀጠሩ። ማመልከቻውን ግን ማንም አላወጣውም፤ ከወጣ ጠረጴዛው ያዘነብላላ። ባለፈው ወር የጡረታ ፋይላቸው ሲዘጋጅ የሰው ኃይል ክፍል “የቅጥር ማመልከቻ አልተገኘም” ብሎ ጻፈላቸው። ከደብዳቤው ግርጌ መልስ ጽፈው መለሱት፤ “ሁለተኛ ፎቅ፣ በመስኮቱ በኩል ያለው እግር።”

ሚሊ የሚባለው ስም ከየት እንደመጣ የማያውቅ እንግዳ ካለ ልንገረው። ልስን ሠራተኛችን አንድ ቀን አንድ ግድግዳ አስረከበ። ጋሼ ለኩት፤ ሦስት ሚሊ ወጣ ብሏል። ልስን ሠራተኛው፣ ሦስት ሚሊ እኮ ምንም አይደለም፣ በዓይን አይታይም ብሎ ተከራከረ። እሳቸው ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። “በማን ዓይን?” አሉት። ቀጥሎ ደግሞ “እሺ፣ ምንም ካልሆነ ሦስቱን ወዴት ልውሰዳቸው?” አሉት። ሰውየው ግድግዳውን ፋቀው። ስሙን ያወጣላቸውም እሱ ነው፤ በቁጭት ነው ያወጣው፣ እኛ ግን ወደድነው።

ድርጅቱ ግድግዳ ላይ የብርሃን ውሃ ልክ የሚያሰምር ሌዘር ይገዛ ሲል አብሯቸው የሄደው የግዥ ሠራተኛ ታሪኩን ለሁላችሁም ነግሯችኋል፤ እኔ ግን አሳጥሬ እነግራችኋለሁ፤ እሱ ሲያወራው ግዥውን ራሱን ያህል ይረዝማል። ሱቁ የገቡት ልክ እንደተከፈተ ነው። ባለሱቁ መጀመሪያ ያሳያቸው አሥራ ስድስት መስመር የሚያወጣ ሌዘር ነበር። ሲበራ ሱቁ በሙሉ መስመር በመስመር ሆነ። ጋሼ አዩና፣ “እኛ ጭፈራ ቤት አይደለም የምንሠራው” አሉ። ባለሱቁ ሌላ አወጣ፤ ይሄኛው ሃምሳ ሜትር ይደርሳል ብሎ። እሳቸው የምንሠራባቸው ክፍሎች አምስት በስድስት መሆናቸውን ነገሩት፤ ከግድግዳው አልፎ ጎረቤት ቤት የሚገባ ጨረር እንደማያስፈልገን አስረዱት።

ከዚያ በሩ ወለል ተደርጎ ይከፈት አሉ። ፀሐይ ሲገባ የቀዩ ሌዘር መስመር ጠፋ፤ የአረንጓዴው ቀረ። አረንጓዴው ባትሪ ይበላል ሲባሉ ሁለት ባትሪ ጠየቁ። ቀጥለው እርሳሳቸውን አወጡና መስመሩ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ምን ያህል እንደሚወፍር አዩ። ከእርሳሱ ጭረት የሚወፍረውን መለሱት፤ ከላይኛው ጠርዝ ላስምር ወይስ ከታችኛው የሚል ጭቅጭቅ ሳይት ላይ እንዲነሳ አልፈለጉም። ከዚያ ደግሞ ሁሉንም ተራ በተራ ዘንበል አደረጓቸው። አንዳንዱ ከሚችለው በላይ ሲያጋድል ብልጭ ድርግም ይላል፤ አልሠራም ማለቱ ነው። አንደኛው ግን አጋድሎም ደልደል ብሎ ጠማማ መስመር ያወጣል። ጋሼ እሱን ትንሽ ያዝ አድርገው አዩትና “የድሮ አለቃዬን ይመስላል” ብለው አስቀመጡት።

ዋናው ፍተሻ መጨረሻ ላይ ነበር። ሁላችንም በቃላችን የምናውቀው ነው። ሌዘሩን አንዱ ግድግዳ አጠገብ ያቆሙና ሁለቱም ግድግዳ ላይ በእርሳስ ምልክት ያደርጋሉ። ከዚያ ሌዘሩን ወደ ሌላኛው ግድግዳ ወስደው፣ አጠገቡ ካለው ምልክት ጋር አስተካክለው፣ የሩቁን ያያሉ። መስመሩ ከሩቁ ምልክት ላይ ካረፈ ሌዘሩ ጤነኛ ነው። ካላረፈ ሌዘሩ ውሸታም ነው፤ ዋጋው ምንም ይሁን ምን። ባለሱቁ ለምሳ ሊዘጋ ሲል አንዱ ፍተሻውን አለፈ። የገዙት እሱን ነው።

በመኪና ሲሄድ ሌዘሩ ከፊት ወንበር ይቀመጣል፣ ቀበቶ ይታሰርለታል፤ ጋሼ ከኋላ ናቸው። ዋና መሐንዲሱ አንድ ቀን አብረው ሲሄዱ የፊቱን በር ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ከኋላ ገቡ። በመንገዱ ላይ የተነጋገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጋሼ ወደ መሐንዲሱ ዞር ብለው፣ ሌዘሩ ውስጥ የሚወዛወዘው ፔንዱለም መቆለፉን ጠየቁ።

ባለቤታቸው እዚህ አሉ፤ ስለዚህ የፎቶውን ነገር በፈቃዳቸው ነው የማወራው። ጋሼ የሠርጋቸውን ፎቶ ሳሎን ውስጥ በሌዘር ሰቀሉት። እትዬ ገና ሲያዩት ፎቶው ጠማማ ነው አሉ። ጋሼ ፎቶው ልክ ነው፣ ጠማማው ቤቱ ነው አሉ። ለኩ፤ እውነትም ኮርኒሱ በአንድ በኩል ወርዷል። ሦስት ዓመት ሙሉ ሁለቱም ልክ ነበሩ። በመጨረሻ ጋሼ ፎቶውን አወረዱና ኮርኒሱን ተከትለው መልሰው ሰቀሉት። ከዚያ ወዲህ ነው፣ አሮጌ ቤት ልናድስ ስንገባ ሌዘሩን ከማብራታቸው በፊት መሃል ወለሉ ላይ ቆመው ዙሪያውን የሚያዩት። ቤቱ ራሱ ካዘነበለ ሰው የሚያየው ሌዘሩን ሳይሆን ኮርኒሱን ነው ይሉናል። ከማን እንደተማሩት ነግረውን አያውቁም። ዛሬ አወቅን፤ እትዬ፣ እናመሰግናለን።

አሁን አንድ ነገር ልናገር። እስከ ትናንት ማታ ይህን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን፤ አንደኛዋ ቆማለች፣ አንደኛው ተቀምጠዋል።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የአንድ ጤና ጣቢያ የውስጥ ሥራ ይዘን ነበር። እኔ ከተቀጠርኩ ሦስት ወር አልሞላኝም፤ የሙከራ ጊዜ ላይ ነኝ። ከዚያ በፊት ሁለት ድርጅቶች፣ ሴት ሴራሚክ ስትሠራ አይተን አናውቅም ብለው መልሰውኛል። ልጄ አንደኛ ክፍል ገብታለች፤ ከእኔ ሌላ የላትም። የተሰጠኝ ሃያ ሁለት ሜትር ኮሪደር ነው። ግድግዳው እስከ ደረት ሴራሚክ ይለብሳል፤ ከላይ ጠርዙን ተከትሎ በሽተኞች የሚይዙት የእንጨት መደገፊያ ይሄዳል።

ጠዋት ጋሼ ሌዘሩን ፈትሸው አስረከቡኝና ለሁለት ቀን ወደ ሌላ ሳይት ሄዱ። ረፋዱ ላይ ቦታ ላዛውረው ብዬ ከመቆሚያው ፈትቼ አነሳሁት። ወለሉ ላይ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ገመድ እግሬን ያዘኝ። እኔ አልወደቅኩም። ሌዘሩ ወደቀ።

አነሳሁት። አበራሁት፤ በራ። አረንጓዴው መስመር ግድግዳው ላይ ወጣ፤ ቀጥ ያለ መሰለኝ። ዙሪያዬን አየሁ፤ ማንም የለም። መፈተሽ እንዳለብኝ አውቃለሁ። ግን ብፈትሸውና ተዛብቶ ባገኘው መናገር ሊኖርብኝ ነው፤ ከተናገርኩ ደግሞ በሙከራ ጊዜዬ የድርጅቱን ሌዘር የሰበርኩ እኔ ነኝ። ስለዚህ አልፈተሽኩም። ሁለት ቀን በዚያ መስመር ሠራሁ። እንደዚያ ተጠንቅቄ ሠርቼ አላውቅም፤ ሁሉም ሴራሚክ ከመስመሩ ጋር ፀጉር አያህልም ልዩነቱ።

በሦስተኛው ቀን መደገፊያውን ሊገጥም አናጺው መጣ። ባትሪ ያለው ነገር አያምንም፤ ውሃ የሞላ ረጅም ቱቦ ይዞ ነው የሚዞረው። በቱቦው ለካ፣ ክር ወጠረ። ክሩና የእኔ ጠርዝ ከበሩ እኩል ተነሱ። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ሲደርሱ በመሃላቸው ሁለት ሴንቲ ክፍተት ነበር።

የጤና ጣቢያው ተወካይ የሆነችው መሐንዲስ መጣች። ሁላችንም ተሰበሰብን፤ ጋሼም ተመልሰዋል። ሌዘሩን አዩ፣ ክሩን አዩ፣ እኔን አላዩኝም። መሐንዲሷ ይህ እንዴት ሆነ፣ ተጠያቂው ማነው ብላ ጠየቀች።  ልናገር ብዬ አየር ሳብኩ።

“እኔ ነኝ” አሉ ጋሼ። “ከትናንት ወዲያ ጠዋት ሳልፈትሽ ነው ያስረከብኳት።”

መሐንዲሷ አላመነችም፤ እርስዎ ሳይፈትሹ አለች። እሳቸው አዎ አሉ። ድርጅቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጣቸው፤ በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያውና የመጨረሻው። ስለዚህ ፋይላቸው ውስጥ ማመልከቻ የለም፤ ማስጠንቀቂያ ግን አለ።

ሌዘሩ ለጥገና ተላከ። ሴራሚኩን ማፍረስ ሲጀመር ጋሼ ራሳቸው ተንበርክከው መሮ ያዙ። ሄድኩና አጠገባቸው ቆምኩ። ጋሼ፣ አንድ የምነግርዎ ነገር አለ አልኳቸው። ቀና ሳይሉ “መጀመሪያ ያንን መዶሻ አቀብዪኝ” አሉኝ። አቀበልኳቸው። መምታት ጀመሩ፤ በዚያ ድምፅ መሃል የሚነገር ነገር የለም። ሲጨርሱ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱና ሄዱ። ሌዘሩ ተጠግኖ ሲመለስ ጠዋት ጠዋት የሚፈትሸው ሰው እኔ እንድሆን አዘዙ። ቅጣት መሰለኝ። አሥራ አንድ ዓመት፣ በየጠዋቱ፣ ሌላ ሰው ቡናውን ሲጠጣ እኔ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ስመላለስ ኖርኩ።

ባለፈው ወር ዕቃ ሊያስረክቡኝ ሳይት ላይ ሁለታችን ብቻ ቀረን። መዶሻ በአካባቢው አለመኖሩን አረጋገጥኩ። ከዚያ ነገርኳቸው፤ የጣልኩት እኔ ነኝ አልኳቸው።

“አውቃለሁ” አሉ። “የሌዘሩ ቀፎ ጥጉ ተላልጦ ነበር፤ ላዩም ላይ የሴራሚክ ማጣበቂያ ነበር። የአምስት ጣት።”

ታዲያ ለምን ዝም አሉ አልኩ።

“ልትነግሪኝ መጥተሽ ነበር፤ ያ ለእኔ በቂ ነው። ብትነግሪኝ ግን ለድርጅቱ መጻፍ ነበረብኝ። ያልተነገረኝን አልጽፍም።”

ለካ የመዶሻው ነገር ይህ ኖሯል። እንባዬ መጣ። እሳቸው ዕቃ መቁጠራቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ሌዘሩ ሲወድቅ ከስንት ከፍታ እንደነበረ ጠየቁኝ። ከወገቤ አልኳቸው።

“ወገብ መለኪያ አይደለም።”

ዘጠና ሴንቲ ገደማ አልኩ።

“ገደማ?” አሉ።

ሥራ አስኪያጃችን ይህን አሁን ሰምተዋል። የሙከራ ጊዜዬ ካለቀ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ ከመናገሬ በፊት ደንቡን አንብቤያለሁ። ማስጠንቀቂያው ግን ከጋሼ ፋይል ወጥቶ እኔ ፋይል ውስጥ እንዲገባ በጽሑፍ አመልክቻለሁ። ደብዳቤው ነገ ጠዋት ጠረጴዛቸው ላይ ይደርሳል። ላዩ ላይ እንጂ ሥሩ አይደለም።

ጋሼ ሚሊ፣ እርስዎ በሕይወትዎ አንድ ቀን ዋሹ፤ በዚያ ውሸት አንዲት ልጅ ትምህርቷን ጨረሰች። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። ዛሬ ከእኔ ጋር መጥታለች፤ ያቻት። እስከ ትናንት ማታ ይህን አታውቅም ነበር። ስነግራት “ልብሴን ልተኩስ፣ እኔም እመጣለሁ” ነው ያለችው።

ባለፈው ሳምንት እዚያ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር፤ ጥርሴን አሞኝ። ኮሪደሩ ውስጥ አንድ ሰዓት ወረፋ ጠበቅኩ። አንዲት ዓይናቸው የደከመ እናት መደገፊያውን ይዘው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ሳይደናቀፉ ሲሄዱ አየኋቸው። ግድግዳውን ቀና ብሎ ያየ አንድም ሰው አልነበረም። ሁለት ሴንቲው ሳይስተካከል ቢቀር ኖሮ ሁሉም ያየው ነበር። አጠገቤ ለተቀመጠው ሰው ልነግረው ፈለግኩ፤ ጥርሴ ከለከለኝ።

ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። ስለጮኹብን አልልም፤ ጮኸው አያውቁም። ስላፈረሱብን አመሰግናለሁ፤ አብረውን ስላፈረሱ ደግሞ ከሁሉ በላይ።

እንግዲህ ብርጭቋችሁን አንሱ። ጋሼ ሚሊ፣ ጉልበትዎ ከእንግዲህ ለመንበርከክ ሳይሆን የልጅ ልጆችዎን ለማስቀመጥ ይሁን። ከእትዬ ጋር ረጅም ዕድሜ፣ ሰላም ያለው ቤት፣ ማንም ቀስቅሶ የማያስነሳዎ ጠዋት ይስጥዎ። ደጅዎ ክፍት ይሁን፤ እኛም እንመጣለን፣ ሳንጠራም እንመጣለን። ስላለፉት ሃያ ስምንት ዓመታትና ስለሚመጡት ሁሉ፣ ለጤናዎ።