የአቶ ሎማን አራት ኮምፒውተሮች

ባለፈው መስከረም፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ የቆዩ ጋዜጦቼን ልጥል ወደ ግቢ ስወርድ አቶ ኤግበርት ሎማንን ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ዘንድ አገኘኋቸው። አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ታቅፈው ቆመዋል። እዚህ ጀርመን አገር፣ ኬምኒትስ ከተማ በአንድ ሕንፃ ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር እኚህ ሰው አንዲት ብሎን እንኳ ሲጥሉ አይቼ አላውቅም።

«ምን ነካው?» አልኳቸው።

«ምንም አልነካው፣ ደኅና ነው። ቦታ ነው ያጣሁለት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አቶ ሎማን በሲኒማ ቤት አርባ ዓመት ፊልም ሲያጫውቱ የኖሩ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ኢርምትራውድ ግማሽ አካላቸው ከታመመ ወዲህ ደረጃ መውጣት ስለማይችሉ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ምድር ቤት ወዳለ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሊገቡ ነው። ሰውየው ደግሞ እዚህ ሕንፃችን ሥር ባለው መጋዘናቸው አራት ኮምፒውተር ደርድረዋል፤ አንዱ ከአንቴና ቴሌቪዥን ይቀዳል፣ አንዱ ፊልም ያጫውታል፣ አንዱ የቤተሰቡን ፎቶና ፊልም ይይዛል፣ አንዱ ደብዳቤ መጻፊያቸው ነው። አዲሱ ቤት መጋዘን የለውም። ያለችው ቦታ ከወይዘሮዋ ራስጌ የቆመች አንዲት ቁም ሣጥን ናት፤ ወይዘሮዋ ደግሞ ትንሽ ነገር እዝዝ ካለ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

«ታዲያ ፊልሞቿን ላስቀርባት ነው ወይስ እንቅልፏን?» አሉኝ። «ቀኑን ሙሉ ከወንበር ላይ የማትነሣ ሰው ሌላ ምን አላት?»

ይህን ስንባባል ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ሜርለ ብስክሌቷን እየገፋች ደረሰች። ሜርለ በቴክኒክ ኮሌጅ ኮምፒውተር የተማረች የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ናት፤ ሳይጠሯት ነገር ውስጥ መግባት ትወዳለች፤ በዚህስ እኔም እታማለሁ።

«አቶ ሎማን፣ አራቱንም በአንዱ ማስኬድ ይቻላል እኮ» አለች። «አንድ ኮምፒውተር ውስጥ አራት ምናባዊ ኮምፒውተር ይፈጠራል፤ እያንዳንዱ የየራሱን ሥራ ይሠራል።»

«ሞክሬዋለሁ፣ ልጄ። ሰውዬው አፉን ይከፍታል፣ ድምፁ ቆይቶ ይመጣል። ምስሉማ ይንተባተባል። ኢርምትራውድ ‘ይኼ ሰውዬ ሰክሯል ወይ?’ አለችኝ።»

«ያኔ የምስል ካርዱን፣ ለቴሌቪዥኑ ምስል የሚያወጣውን ብረት፣ ለማን ሰጥተውት ነበር?»

«ለማን ሰጥተውት ማለት ምን ማለት ነው? ኮምፒውተሩ ውስጥ ነዋ።»

«አየሁት ስሕተቱን። ይኸውልዎት፣ ይህን ሕንፃችንን ያስቡት። ኮምፒውተሩ የሕንፃው ባለቤት ነው፤ ምናባዊዎቹ ተከራዮች ናቸው። እርስዎ ሲሞክሩ ካርዱ በባለቤቱ እጅ ነበር። ተከራዩ የካርዱን ማስመሰያ ብቻ ነው ያገኘው፤ በማስመሰያ ደግሞ ፊልም አይሮጥም። ካርዱን ራሱን፣ ብረቱን፣ ለተከራዩ ማሳለፍ ነበረብዎት። ከዚያ ወዲያ ባለቤቱ አይነካውም፤ ተከራዩ እንደ ገዛ ዕቃው ይሠራበታል።»

«የአንቴናውንስ?»

«የአንቴናውንም ካርድ እንደዚያው፣ ለሚቀዳው ተከራይ።»

አቶ ሎማን ኮምፒውተሩን መሬት ላይ አስቀመጡ። ፊታቸው ግን አልተፈታም።

«እሺ ይሁን። ሲኒማ ቤት ሁለት ማጫወቻ ነበረን፤ አንዱ ቢበላሽ በሌላው እንቀጥላለን። አንቺ አራቱን በአንድ ሣጥን ክተት ትይኛለሽ። እሱ የሞተ ዕለት አራቱም ሞቱ ማለት አይደለም?»

በዚህ ሜርለ ትሸሻለች ብዬ ነበር፤ አልሸሸችም።

«እውነትዎን ነው፣ ይሞታሉ። ስለዚህ አንዱን ኮምፒውተር አይጣሉት፤ ጠፍቶ ይቀመጥ። ምናባዊው ኮምፒውተር ከነሥራው በአንድ ፋይል ይገለበጣል። ዋናው ቢሞት ካርዶቹን ነቅለው እዚያኛው ላይ ሰክተው፣ ግልባጩን ያስነሣሉ። የቤተሰቡም ፎቶ ሌላ ዲስክ ላይ ይኑር።»

«መጠባበቂያውን የት ላድርገው?»

«እኔ መጋዘን» አልኩ ቀድሜ። ከጋዜጣ በቀር ምን አለኝ?

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት የምግብ ጠረጴዛቸው ላይ ኮምፒውተሩን ከፈትነው። አቧራውን በመጥረጊያ ማሽን ለመሳብ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቅን፤ ከሰባት እስከ ዘጠኝ በሕንፃችን የዕረፍት ሰዓት ነው፣ ለድምፅ ማስጠንቀቂያ ወረቀት ደረጃው ላይ የሚለጥፍ ጎረቤትም አለን። ወይዘሮ ኢርምትራውድ የፕለም ፍሬ ኬክ እየቆረሱ ያዩናል።

ሜርለ ምናባዊዎቹን ኮምፒውተሮች ፈጥራ የምስል ካርዱን ፊልም ለሚያጫውተው ተከራይ ባሳለፈች ጊዜ ማያው ድርግም አለ። አቶ ሎማን ብድግ አሉ።

«ገደልሽው።»

«አልገደልኩትም። ባለቤቱ ካርዱን ሰጥቶ ማሳያ አጣ እንጂ ሥራ ላይ ነው። ከእንግዲህ በኔትወርክ ነው የምናናግረው።» ላፕቶፗን ዘርግታ አሳየቻቸው፤ እውነትም ይሠራል። ወዲያው ቴሌቪዥኑ በራ፤ ፊልሙም አንዴም ሳይንተባተብ ሄደ።

«ሰውዬው ስካሩ ለቀቀው» አሉ ወይዘሮዋ።

ሜርለ በዚህ ልቧ ሞቀና የአንቴናውን ካርድ ልታሳልፍ እጇን ሰነዘረች። አቶ ሎማን ክንዷን ያዟት። እሳቸው ከሲኒማ ቤት ባመጡት ልማድ፣ አንድ ነገር ከመንካታቸው በፊት ያለውን ሁሉ በእርሳስ ይጽፋሉ፤ እሷ ስትሠራ እሳቸው ማያው ላይ ያለውን የኮምፒውተሩን ዕቃዎች ዝርዝር ሲገለብጡ ነበር።

«ቆይ። ይቺ የአንቴና ካርድ ቡድን አሥራ አራት ይላል። የዲስኩ መቆጣጠሪያም አሥራ አራት ነው። ምን ማለት ነው?»

ሜርለ ወረቀቱን አየች፤ ፊቷ ቀላ።

«በአንድ ቡድን የታሰሩ ዕቃዎች አንዱ ሲያልፍ ሌላውም አብሮ ይሄዳል ማለት ነው። ባለቤቱ ራሱ የሚሠራው ከዚያ ዲስክ ነው። ሥራ ላይ እያለ ከሥሩ ልነጥቀው ነበር… የቤተሰባችሁም ፊልም እዚያው ላይ ነው፣ ገና አልገለበጥኩትም። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

«ምን ይቅርታ ያስፈልጋል? ነይ ሌላ ቀዳዳ ላይ እንሰካው።» ኮምፒውተሩን አጥፍተው ካርዱን ወደ ታችኛው ቀዳዳ አዛወሩት፤ ሲያስነሡት ቡድን አሥራ ሰባት ብቻውን ሆኖ ወጣ። መጀመሪያ የቤተሰቡን ፊልም ገለበጡ፣ ቀጥለው ካርዱን አሳለፉ። ቀረጻውም ሠራ።

አንባቢዬ፣ እኔ በማታ ትምህርት ቤት ወጣቱንም ሽማግሌውንም አስተምሬያለሁ፤ ወጣት በሽማግሌ ሲስቅ፣ ሽማግሌም ወጣት ሲንቅ ማየት ያናድደኛል። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ግን የልጅቱ ዕውቀት ያለ አዛውንቱ እርሳስ ጉድ ባፈላ፣ የአዛውንቱም ጥንቃቄ ያለ ልጅቱ ዕውቀት ደኅናውን ዕቃ ቆሻሻ ላይ ባስጣለ ነበር።

ጥቅሙን ልንገራችሁ። አራት የሚያጉረመርሙ ማራገቢያዎች በአንድ ዝምተኛ ተተኩ። ቦታ ተረፈ፣ መብራት ቀነሰ፤ አንዱ ተከራይ ቢታመም ሌሎቹን ሳይነኩ እሱን ብቻ ማስነሣት ተቻለ። ደኅናው መጠባበቂያ እኔ መጋዘን አለ። ካርዱን ለሚሠራበት አሳልፋችሁ ስጡ፤ ከመስጠታችሁ በፊት ግን ከማን ጋር እንደታሰረ እዩ።

ከተዛወሩ በኋላ አንድ ከሰዓት ልጠይቃቸው ሄድኩ። ቴሌቪዥኑ ላይ ሴት ልጃቸው በአምስት ዓመቷ ብስክሌት ስትማር ይታያል፤ አባትየው ኮርቻውን ይዘው ከኋላ ይሮጣሉ። አቶ ሎማን ከባለቤታቸው ጎን ተቀምጠዋል።

«ቁም ሣጥኑስ ዝም አለልዎት?» አልኳቸው ወይዘሮ ኢርምትራውድን።

«እሱንስ ከቁም ነገርም አልቆጠርኩት» አሉ፣ የባላቸውን እጅ ሳይለቁ። «ኤግበርት ሁልጊዜ መጋዘን ወርዶ ከአራቱ አንዱን ሲጠግን ነው የሚውለው። ይህን ፊልም ስንት ጊዜ አየሁት መሰለዎት፣ ብቻዬን። አብረን ስናየው ዛሬ ገና የመጀመሪያችን ነው።»

አቶ ሎማን ፊልሙን ከመጀመሪያው ደገሙላቸው።